ከባሪያ መርከብ እስከ ንባብ መማሪያ፦ የእምኩሉ የሴት ልጆች ትምህርት ቤትና የአስቴር ጋኖ አገልግሎት

መግቢያ

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ያለ ማመንታት ኦኔሲሞስ ነሲብ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በ1899 በባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ብቻ የወጣ ሥራ አልነበረም። ከጀርባው በምፅዋ አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ የሚሲዮን ግቢ፣ በዚያችም ግቢ የተማሩ ከባርነት የወጡ ልጃገረዶች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ የእምኩሉን የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በአንዲት ተማሪዋ፣ በአስቴር ጋኖ ሕይወት በኩል ይመለከታል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ልጃገረዶችን ተቀባይ አድርጎ ቢጀምርም ትልቁን ፍሬ ያፈራው ግን ከእነርሱ መቀበል በጀመረ ጊዜ ነው። ሚሲዮኑ ለአስቴር ፊደል ሰጣት፤ እርሷ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሰጠች። ይህን መለየት ለታሪክ እውነተኛነት ብቻ ሳይሆን ዛሬ ለምናስተምርበት ዓላማም ይጠቅማል።

ወደ ኦሮሞ ምድር የታሰበ ጉዞ

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በ1856 ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሚሲዮናውያኑ በ1866 ምፅዋ ሲደርሱ ዓይናቸው ያረፈው በባሕሩ ዳርቻ ላይ አልነበረም። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የቆየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ወንጌል ለኦሮሞ ሕዝብ እንዲደርስ አጥብቆ ያሳስብ ስለ ነበር፣ የስዊድናውያኑም ሕልም ወደዚያው ምድር መድረስ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ መሀል አገር የሚወስደው በር ዝግ ሆኖ ስላገኙት በኩናማ ሕዝብ መካከል ሥራ ጀመሩ። በዚያም በሽታና ግድያ ከመካከላቸው ብዙዎችን ነጠቀ። የቀሩት ወደ ምፅዋ አካባቢ ተመለሱ። ከምፅዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ርቃ በምትገኘው፣ በውኃ ጉድጓዶቿ በምትታወቀው በእምኩሉም ግቢ መሠረቱ።

እንግዲህ እምኩሉ የጉዞው መድረሻ ሳትሆን መንገድ ላይ የቆሙባት ስፍራ ነበረች። ሙቀቷ የሚያቃጥል፣ ከታሰበው አገርም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች የራቀች ናት። ነገር ግን የቀይ ባሕር የባሪያ ንግድ መንገድ ያልፍባት ነበር። ከጊቤ መንግሥታትና ከአካባቢያቸው የሚታፈኑ ልጆች ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ ወደ ጠረፍ ይወርዱ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ከሚሻገሩት መካከል ሴቶችና ሕፃናት እጅግ ይበዙ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ልጆቹን በሰንሰለት እየተነጠቀ በደጃቸው ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ኦኔሲሞስ ራሱ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ በ1856 ገደማ ተወለደ፤ የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ሲሆን ትርጉሙም «ተርጓሚ» ማለት ነው። በ1869 ታፍኖ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በምፅዋ ነጻ አውጥቶ ለሚሲዮኑ ሰጠው። በ1872 ተጠመቀ። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ።

የግቢው ትምህርትና የሴት ልጆች ስፍራ

በእምኩሉ የወንዶች ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ሁሉ የሴት ልጆችም ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ሴት ልጅን ፊደል ማስቆጠር የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መኖር ብቻውን አንድ አዲስ ነገር ነው። ተማሪዎቹም ከሁለት ወገን የመጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከኤርትራ ደጋ፣ በተለይም በወንጌል መነቃቃት ምክንያት ተሰድደው ወደ ጠረፍ ከወረዱ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ሌሎቹ እናት አባት የሌላቸው፣ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የወጡ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ ለኋለኞቹ ትምህርት ቤቱ መማሪያ ብቻ ሳይሆን ቤት፣ ማዕድና ዘመድም ጭምር ነበር።

የትምህርቱ ዓላማ ምን ነበር? እንደ ዘመኑ የሚሲዮን ሐሳብ ሁሉ ልጃገረዶች መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያነቡ፣ መዝሙር እንዲያውቁ፣ ልብስ መስፋትና ቤት መያዝ እንዲችሉ፣ በመጨረሻም ለወንጌላውያን የተማሩ ሚስቶች እንዲሆኑ ነው። ይህን ዓላማ ልናቃልለው አይገባም። ክርስቲያን ቤት ከሌለ ክርስቲያን ማኅበረ ሰብ እንደማይጸና ሚሲዮናውያኑ ተረድተው ነበር። ከእነዚህ ቤቶች የወጡት ቤተሰቦች በኋላ ወንጌልን ይዘው እስከ ወለጋ ዘልቀዋልና። ነገር ግን በዓላማው ውስጥ አንድ ጉድለት ነበር። ልጅቷ የምትማረው ሌላው ለሚያገለግለው አገልግሎት ረዳት እንድትሆን እንጂ እርሷ ራሷ ለቤተ ክርስቲያን የምታመጣው ስጦታ አለ ተብሎ ታስቦ አልነበረም።

1886፦ መንገዱ የተዘጋበት፣ ልጅቷ የመጣችበት ዓመት

ኦኔሲሞስ ከስዊድን ከተመለሰ በኋላ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሞከረ። የመጀመሪያው በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ ሳይሳካ ቀረ፤ በ1882 ወደ እምኩሉ ተመለሰ። ሁለተኛው በታጁራ በኩል ነበር። ተጓዦቹ ብዙ ተንገላተው በ1886 መጀመሪያ እንጦጦ ደረሱ። ንጉሥ ምኒልክ በመልካም ቢቀበሏቸውም፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ከልክለው ስለ ነበር ወደ ወለጋ እንዲያልፉ ሊፈቅዱላቸው አልቻሉም። ቡድኑ ባዶ እጁን ወደ ጠረፍ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በቀይ ባሕር ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ጣልያኖች በ1885 ምፅዋን ይዘው ነበር። በ1886 መርከበኞቻቸው ባሪያ ጭኖ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገር ጀልባ ያዙ። በውስጡ ከነበሩት መካከል አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት የኦሮሞ ልጅ ነበረች። በሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ተይዛ የነበረችው ይህች ልጅ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተላከች። አስቴር ጋኖ የምትባለው እርሷ ናት።

የሁለቱን ነገሮች መገጣጠም ልብ እንበል። ሃያ ዓመት ሙሉ በገንዘብ፣ በጸሎትና በሕይወት ዋጋ የተፈለገው መንገድ ተዘጋ። መንገዱን ተጉዘው ሊያገኙት የፈለጉት ቋንቋ ግን በአንዲት የተሸጠች ልጅ አፍ ውስጥ ሆኖ ወደ ግቢያቸው ገባ።

ቋንቋውን ያወቀው ማን ነበር?

ኦኔሲሞስ ከእንጦጦ መልስ ወደ ጽሕፈት ሥራ ዞረ። ወንጌል በእግር መሄድ ካልቻለ በመጽሐፍ ይሂድ የሚል ውሳኔ ነበር። መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ አዲስ ኪዳንንም መተርጎም ጀመረ። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ከባድ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ በዐረብኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ኖሯል። የእናቱ ቋንቋ በልጅነቱ ቋንቋ ልክ ቀርቶበት ነበር። ሰፊውን የቃላት ሀብት፣ የአባባሉን ጥሩነት፣ የተረቱንና የምሳሌውን ለዛ የሚያሟላለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

የፊደሉም ነገር ችግሩን ያከብደው ነበር። ትርጉሙ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ይህ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ለምሳሌ «ሶዳ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል ላልቶ ሲነበብ ፍርሃት፣ ጠብቆ ሲነበብ አማች ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። እግዚአብሔርን ስለ መፍራት የሚናገር ጥቅስ ሲጻፍ አንባቢው እንዳይሳሳት ዐረፍተ ነገሩ ራሱ መንገድ ሊያሳየው ይገባል። ይህን የሚመዝን ደግሞ ሰዋስው ያጠና ሰው ሳይሆን ቋንቋው በጆሮው ያለ ሰው ነው።

ኦኔሲሞስ ይህን ጆሮ በአስቴር ዘንድ አገኘ። ልጅቷ ብሩህ አእምሮ እንዳላት፣ የቋንቋው ስሜትም በውስጧ ሕያው እንደ ሆነ ተገነዘበ። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማሰባሰብ ሥራ ተሰጣት። ወደ 6,000 የሚጠጉ ቃላትን ለያዘው የኦሮምኛና የስዊድንኛ መዝገበ ቃላት አብዛኛውን ያቀረበችው እርሷ ናት። ይህም ስብስብ በ1893 በእምኩሉ የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። ከዚህም ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ወደ ኦሮምኛ ተርጉማለች። በዚህ የቋንቋ ሥራ ዙሪያ ብቻዋን አልነበረችም። በኋላ የኦኔሲሞስ ባለቤት የሆነችው ሊድያ ዲምቦ፣ እንዲሁም ፌቤን ሂርጴና ሌሎች ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች ከጎኗ ነበሩ።

እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ትርጉም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ አስተማሪው ያውቃል፣ ተማሪዋ አታውቅም የሚል ሥርዓት ነበር። በትርጉሙ ጠረጴዛ ላይ ግን የተማረው ሰው ጠያቂ፣ ትናንት ከባሪያ ጀልባ የወረደችው ልጅ መላሽ ሆነች።

የ1894ቱ ንባብ መማሪያ

የአስቴር ትልቁ አሻራ የሚታየው በ1894 በእምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ነው። አስቴር ከትውስታዋና ከወገኖቿ አፍ ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጽፋ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

አንድ ሚሲዮን የራሱን ማተሚያ ለእሳት ዳር ተረትና ለእንቆቅልሽ ያዋለው ለምን ነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንበብ ገና የሚጀምር ሰው የሚያነበውን ነገር አስቀድሞ በጆሮው ቢያውቀው ፊደሉ ቶሎ ይገባዋል። አያቱ የነገረችውን ተረት በወረቀት ላይ ሲያገኝ፣ መጽሐፍ የባዕድ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። በዚያው ፊደል ወንጌልን ሲያነብም የራሱ ቋንቋ የእግዚአብሔርን ቃል ለመሸከም የሚበቃ መሆኑን አስቀድሞ ተረድቷል። የአስቴር ስብስብ እንግዲህ ከትርጉሙ ጎን የቆመ የባህል ጌጥ ሳይሆን ወደ ትርጉሙ የሚያስገባ በር ነበር።

ይህ ዕውቀት ከየት እንደ መጣ ደግሞ እናስተውል። ተረትና እንቆቅልሽ በቤት ውስጥ፣ በእናቶችና በአያቶች አፍ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ባሪያ ነጋዴው ልጅቷን ከቤቷ ሲነጥቃት ልብሷንም፣ ዘመዷንም፣ ስሟንም ሊወስድ ይችል ነበር። ከእናቷ ቤት የሰማችውን ግን ሊወስድባት አልቻለም። የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ የታተሙ ገጾቹ አንዱን ያገኘው ከዚህ ከተረፈው ሀብት ነው።

መመለስ

በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ሉሉ ከነቤተሰቦቻቸው ወለጋ ውስጥ ቦጂ ደረሱ። የመጀመሪያዎቹ ስዊድናውያን ምፅዋ ከወረዱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗል። በሩን ከፍተው የገቡት አውሮፓውያን ሳይሆኑ በእምኩሉና በኤርትራ የተማሩ የአገሩ ልጆች ናቸው። በ1904 ደግሞ ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ኦሮሞዎች ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሱ። ኦኔሲሞስ በነቀምቴ፣ አስቴር በነጆ ማስተማር ጀመሩ።

ይህ መመለስ ያለ መከራ አልነበረም። ኦኔሲሞስ በካህናት ተከስሶ በ1906 አዲስ አበባ ለፍርድ ቀረበ፤ በንጉሡ ውሳኔ ወደ ነቀምቴ ቢመለስም ለዓመታት እንዳይሰብክ ተከለከለ። ስብከት በተከለከለበት ጊዜ ግን ትምህርት ቤት አልተዘጋም። ንባብ የሚማሩ ልጆች በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ ከእምኩሉ የመጣው መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ ሰባኪው ዝም በተባለበት ዘመን የአስተማሪዋ ሥራ ቤተ ክርስቲያኗን የተሸከመ ሥራ ሆነ ማለት ማጋነን አይደለም።

ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፈ። አስቴር እስከ 1964 ኖራለች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 በይፋ ስትቋቋም፣ በ1886 ከባሪያ ጀልባ የወረደችው ልጅ ወደ ዘጠና የሚጠጋ ዕድሜ ላይ ደርሳ በሕይወት ነበረች።

ከዚህ ታሪክ የምናስተውለው

አንደኛ፣ ስለ እግዚአብሔር ምሪት ስንናገር እንጠንቀቅ። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው «እግዚአብሔር አስቴርን ለትርጉሙ ብሎ ለባርነት አሳልፎ ሰጣት» ለማለት ሊፈተን ይችላል። የዮሴፍ ታሪክ እንዲህ እንድንል አይፈቅድልንም። ዮሴፍ በዘፍጥረት 50፥20 የወንድሞቹን ሐሳብ ክፉ ብሎ ይጠራዋል፤ የእግዚአብሔርን ሐሳብ ደግሞ በጎ ይለዋል። ሁለቱን አይቀላቅልም። ባርነት ክፉ ነበር፤ አሁንም ክፉ ነው። እግዚአብሔር ክፋትን አሸንፎ መልካም ማውጣቱ ክፋቱን መልካም አያደርገውም። በባሕሩ ላይ ያልተያዙ፣ ስማቸውም ያልተጻፈ እጅግ ብዙ ጀልባዎች አልፈዋልና፣ የአስቴርን መዳን ስናመሰግን እነዚያን ልንረሳ አይገባም።

ሁለተኛ፣ በሁለተኛ ነገሥት 5 የምትገኘዋን ምርኮኛ ልጅ እናስብ። የንዕማን መፈወስ የጀመረው ከእስራኤል ምድር ተማርካ በቤቱ ታገለግል የነበረች ታናሽ ልጅ በተናገረችው ቃል ነው። መጽሐፍ የጦር አለቃውን ስም ነግሮናል፤ የልጅቷን ስም አልነገረንም። ሆኖም ያለ እርሷ ቃል ታሪኩ አይጀምርም። አስቴርም ምርኮኛ ሆና ቃል ያመጣች ናት። ልዩነቱ የእርሷን ስም ማወቃችን ነው፤ ስሟን እያወቅን ብንተወው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ጳውሎስ በ1ቆሮንቶስ 12 ደካሞች የሚመስሉት ብልቶች የሚያስፈልጉ እንደ ሆኑ ሲያስተምር የርኅራኄ ምክር ብቻ እየሰጠ አይደለም። አካሉ እንዴት እንደሚሠራ እየነገረን ነው። እምኩሉ ይህን በተግባር አሳየች። በዮሐንስሉንድ የተማረው ሰው በግቢው ውስጥ ከተማረችው ልጅ ውጭ ሥራውን መፈጸም አልቻለም። እርሱም ይህን አላፈረበትም፤ ስጦታዋን ለይቶ ሥራ ሰጣት። የኦኔሲሞስ ታላቅነት ከዚህ የተነሣ አያንስም፤ ይልቁን ይደምቃል። የሌላውን ስጦታ ማየት የመሪ ስጦታ ነውና።

መደምደሚያ

የእምኩሉ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ትንሽ ነበረች። የተማሪዎቿም ቍጥር ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ከእርሷ በወጡት ልጃገረዶች እጅ አንድ ሕዝብ በቋንቋው የሚያነብበት መንገድ ተጠርጓል። ይህን ታሪክ የታሪክ ጸሐፊው ጉስታቭ አሬን በመሳሰሉት ትጋት ልናውቀው ችለናል። የቀረው የእኛ ፋንታ ነው።

የእኛም ፋንታ ከሁለት ነገር ይጀምራል። በሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲሰጥ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከኦኔሲሞስ ጋር የአስቴርን ስም ይዞ ይሰጥ። ይህ ለሴቶች የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ የተፈጸመውን ነገር እንደ ተፈጸመ መናገር ነው። ቀጥሎም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎቻችን በየአጥቢያቸው ያሉ አረጋውያን እናቶችን ይጠይቁ። ንባብ ያስተማረቻቸው ማን ነበረች? የመጀመሪያውን መዝሙር ከማን ሰሙ? በስደት ጊዜ መጽሐፉን የደበቀችው ማን ነበረች? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ በሕይወት ባሉ ሰዎች ዘንድ እንጂ። እነርሱም በየዓመቱ እያለፉ ነው።

አስቴር ከእናቷ ቤት የሰማችውን ባትጽፈው ኖሮ ከእርሷ ጋር በተቀበረ ነበር። የጻፈችው ጠያቂ ስላገኘች ነው። ዛሬም በጉባኤዎቻችን የኋለኛ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ፣ የሚያውቁትን ማንም ያልጠየቃቸው እናቶች አሉ።